ሬዲዮዬ በጭብጨባ ሄደች

ሰው ለመሬት አዝኖ አሮጌ ዕቃውን ያወጣል የሚላችሁ ካለ፣ ሰውዬው ወይ መሬት አያውቅም ወይ ሰው አያውቅም። እኔ በፊደሉ ብዙም አልራቅሁም፤ ሰው ግን አውቃለሁ። ተማሪማ… አምቦ ውስጥ ለተማሪ ቤት ያከራየን ጠይቁ።

ተከራዬ ቶሎሳ ይባላል፤ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው። አልጋው ስር የሞተ ሞባይል፣ የተበጠሰ ቻርጀር፣ ምን የሌለ አለ? ጣለው ስለው “ይቀመጥ አባባ፣ አንድ ቀን ይሠራል” ይለኛል። ዩኒቨርሲቲው ግቢ ውስጥ ለእንዲህ ያለው ቆሻሻ ሳጥን ተቀምጧል። መርዙ አፈር ይገባል፣ ሁሉቃ ወንዝን ይበክላል የሚል ወረቀትም ተለጥፎበታል። ሳጥኑ ውስጥ የተገኘው ግን የሙዝ ልጣጭ ነው አሉ።

አንድ ቅዳሜ ከለቅሶ ስመለስ የልጁ አልጋ ስር ባዶ ሆኗል፤ ጭራሽ ተጠርጓል። ደስ አለኝ። ዞር ስል… ሬዲዮዬ የለችም።

አንቴናዋ የጃንጥላ ሽቦ ነው፤ ወገቧ በላስቲክ ታስሯል። ግን የማታ ዜና አስቀርታብኝ አታውቅም። ያን ጠዋት ድንጋዮቿን አውጥቼ ጣሪያ ላይ ፀሐይ አስመታኋቸው (እናንተም ታደርጉታላችሁ፣ አትካዱ)፤ እሷን ሆዷን እንደከፈትኩ ደጃፍ በርጩማ ላይ ተውኳት። ቶሎሳ ያለ ባትሪ ድንጋይ ሲያያት የሞተች መስሎታል።

ባለቤቴን አስካለን ጠየቅኋት።

“በማዳበሪያ ተሸክሞ ሲወጣ አይቻለሁ።”

“ዝም አልሽው?”

“ልጁ ሲሠራ አይቼው ስለማላውቅ ገርሞኝ ነው።”

ዱላዬን ይዤ ወደ ዩኒቨርሲቲው ወረድኩ። የግቢው ዘበኛ “ምን ፈልገው ነው ኦቦ?” ቢለኝ “እስረኛ ላስፈታ” አልኩት።

ለካ ውስጥ ነገሩ ተለውጧል። ሳጥኑን ትተው ጌዶ ድረስ የሚሰማ ድምፅ ማጉያ ተክለዋል። ሐዊ የምትባል የአካባቢ ጥበቃ ክበባቸው ልጅ ማይክ ይዛ፣ ልክ ሠርግ ላይ ስጦታ እንደሚጠራው፣ ዕቃ ያመጣውን ሁሉ በስሙ ትጠራለች። “ቶሎሳ፣ ሁለተኛ ዓመት፣ የሞባይል ክምርና አንድ ጥንታዊ ሬዲዮ!” ጭብጨባ፣ እልልታ። ቶሎሳ ደረቱን ነፍቷል። የሰው ወርቅ አያደምቅ የሚሉት ውሸት ነው፤ የሰው ሬዲዮ እንዴት እንደሚያደምቅ ያን ቀን አየሁ። ከኋላው የተሰለፈው ጎረምሳማ የሚያዳምጥበትን ማዳመጫ ከጆሮው ነቅሎ ተራውን ይጠብቃል። ለሁሉቃ ብሎ እንዳይመስላችሁ።

ጠጋ ብዬ የቶሎሳን ክንድ ያዝኩ።

“ሬዲዮዬን።”

“አባባ… የሞተች መስላኝ እኮ ነው።”

“ነፍሷ ጣሪያ ላይ ነው። አምጣ።”

“ስሜ ከተጠራ በኋላ? እባክዎ፣ ሰው ፊት ሌባ አያድርጉኝ።”

“ታዲያ ምንድን ነህ?”

ሐዊ ሰምታን መጣች። ብልህ ናት። ሬዲዮዋን ከክምሩ አንስታ “የእርስዎ ናት? ማን ልበልዎ?” አለችኝ።

“ኦቦ ደበላ።”

ልቀበላት እጄን ስዘረጋ ማይኩ አፏ ጋ ደርሷል። “ከከተማው አባቶች ቀዳሚው፣ ኦቦ ደበላ፣ ዕድሜ ልክ ያገለገለቻቸውን ሬዲዮ ሰጥተውናል!”

ቆይ ልል አፌን ከፈትኩ፤ ጭብጨባው ቀደመኝ። የተቀመጠው ሁሉ ተነሣ። “ገለቶማ ኦቦ ደበላ” እያለ ያመሰግነኛል። እስቲ ፍረዱኝ… ሠርግ ላይ እንኳ የእኔ ስጦታ “ከጎረቤት” ተብሎ ነው የሚታለፈው። የተዘረጋ እጄን ወዴት ልውሰደው? ከፍ አድርጌ መረቅሁበት። “አሜን” አሉ በአንድ ድምፅ። መርቆ የሰጠውን ማን ይመልሳል?

ቤት ባዶ እጄን ገባሁ። ሁሉንም ለአስካለ ነገርኳት።

“እንግዲህ የማታውን ዜና ጭብጨባው ይንገርህ” ብላኝ ጓዳ ገባች።

ያኮረፈች መስሎኝ ነበር። ትንሽ ቆይታ የተቃጠለውን የኤሌክትሪክ ምድጃዋን ታቅፋ ወጣች። ጣይው ስላት ስንት ዘመን የተጣላችኝ ምድጃ ነው።

“ያቺ ልጅ ነገም ትጠራለች?”

“ትጠራለች መሰለኝ።”

“እንግዲያው ወይዘሮ አስካለ ብላ ትጥራኝ” አለች ነጠላዋን እያስተካከለች። “የደበላ ሚስት ካለች ግን ምድጃዬን ይዤ እመለሳለሁ።”