ከኮርፉ ሮድስ በአውራ ጣት

(ሲያትል አጠገብ ባለችው ሬንተን፣ የጌዴዎን አፓርትመንት፤ ዓርብ ጠዋት። ጌዴዎን ከነገ ወዲያ እሑድ ሮድስ በምትባል የግሪክ ደሴት ይሞሸራል። መልከጸዴቅ ሚዜው ነው። ሁለቱም አንድ ስልክ ላይ ባለ ካርታ ላይ አፍጥጠዋል።)

መልከጸዴቅ፦ ሠርጉ ሮድስ፣ ትኬትህ ኮርፉ። እኔ እኮ ይሄ ነው ያልገባኝ።

ጌዴዎን፦ አይገባህማ! ስንቴ ላስረዳህ? ሁለቱም ግሪክ ናቸው፤ ሁለቱም ደሴት ናቸው። በቃ፣ የሬንተንና የጎረቤቷ የዴ ሞይን ጉዳይ ነው።

መልከጸዴቅ፦ መሀላቸው ባሕር አለ።

ጌዴዎን፦ ባሕሩ ምን አገባህ? እኔ በላዩ ነው የምበረው!

መልከጸዴቅ፦ ኦኬ። ስንት ሰዓት ይፈጃል?

ጌዴዎን፦ ሃያ ደቂቃ።

መልከጸዴቅ፦ ማን ነገረህ?

ጌዴዎን፦ ማንን ነው የምትጠይቀው? ስድስት ዓመት አውሮፕላን ፋብሪካ የሠራሁ ሰው እኮ ነኝ!

መልከጸዴቅ፦ ወንበር አይደል እንዴ የምትገጥመው?

ጌዴዎን፦ እና ወንበሩ በእግሩ የሚሄድ ይመስልሃል? እየው። (ስልኩን በስንዝር ይለካል) ከሲያትል ግሪክ አንድ ስንዝር፤ አሥራ አምስት ሰዓት። ከኮርፉ ሮድስ የአውራ ጣቴ ጥፍር፤ ሃያ ደቂቃ። እሑድ ጠዋት ሦስት ሰዓት ኮርፉ እወርዳለሁ፤ ሠርጉ አራት ሰዓት ነው። እንዲያውም ሻወር እወስዳለሁ።

መልከጸዴቅ፦ እስቲ ልየው፣ አልታየኝም። (ስክሪኑን በሁለት ጣት ያሰፋዋል)

ጌዴዎን፦ እጅህን አንሳ! ምን አደረግክ?

መልከጸዴቅ፦ ዙም አደረግኩት።

ጌዴዎን፦ አራቅካቸው! (እየተርበተበተ ይለካል) ሁለት ስንዝር... ሠላሳ ሰዓት! ሠርጌን ልታበላሽ ነው? መልሰው!

መልከጸዴቅ፦ (እያጠበበ) አሁንስ?

ጌዴዎን፦ ጨምር። አሥር ደቂቃ... አምስት... ትንሽ ጨምር!

መልከጸዴቅ፦ አንድ ነጥብ ሆኑ።

ጌዴዎን፦ (ላቡን እየጠረገ) ተመስገን። ይኸው ደረስኩ።

መልከጸዴቅ፦ ሶ፣ አውሮፕላንም አያስፈልግህም ማለት ነው።

ጌዴዎን፦ አንተ መቼም ጭንቅላትህ ቀርፋፋ ነው።

መልከጸዴቅ፦ እሱማ ነው። ስሌቱ አልገባ ሲለኝ ነው ትናንት ሃሴትን ኮል ያደረግኳት።

ጌዴዎን፦ ሙሽራዬን? ምን አለችህ?

መልከጸዴቅ፦ መጀመሪያ ሳቀች። ከዚያ አለቀሰች። አንዱ በግሪክ ምዕራብ ጫፍ፣ አንዱ በምሥራቅ ጫፍ ነው አለች፤ ስምንት መቶ ኪሎሜትር ገደማ። ያገኘችው በረራ በአቴንስ ዞሮ እሑድ ማታ ነው የሚያደርስህ። ፓስተሩ ደግሞ ከአራት ሰዓት አንድ ደቂቃ አያሳልፍም።

ጌዴዎን፦ (ሶፋው ላይ ዘጭ ይላል) ወይኔ ጉዴ! እና... ሌላ ትኬት ቡክ አደረገችልኝ?

መልከጸዴቅ፦ እስከ ሮድስ የሚያደርስ አንድ ወንበር ብቻ ነበር የቀረው። ለእኔ ቡክ አደረገችው። ዛሬ ከሰዓት እሄዳለሁ።

ጌዴዎን፦ ያለ እኔ? ሚዜ ከሙሽራ አይለይም እኮ!

መልከጸዴቅ፦ እኔም እንደዛ አልኳት። እሷ ግን «ቁመትህ ስንት ነው?» አለችኝ።

ጌዴዎን፦ ቁመትህን ምን ታደርገዋለች?

መልከጸዴቅ፦ እኔ ምን አውቄ! ብቻ የሙሽራውን ሱፍ ይዘህ ና ብላኛለች። ለካሁት፤ እጅጌው ትንሽ ረዘመ እንጂ ልኬ ነው።

ጌዴዎን፦ (ብድግ ብሎ) ስልኩን አምጣ! አሁኑኑ ኮል አደርጋታለሁ!

መልከጸዴቅ፦ እንካ። ግን ዙም እንዳታደርገው፤ ትርቅሃለች።