በአውድማ ላይ የሚያስዋኙት ሊቀ ዋና

ውሃ የሚፈራ ሰው ሁሉ ስለ ዋና ብዙ ያውቃል። በየአገሩ አንድ አይጠፋም፤ ለታች ጋይንት የደረሱት ሊቀ ዋና ንጉሴ ናቸው። ማዕረጉን ቤተ መንግሥት አልሰጣቸውም፤ እኛ ነን የሾምናቸው።

ከንፋስ መውጫ ስለ ልጆች ጤና የምታወራ አንዲት ቀጭን መጽሐፍ ይዘው የመጡ ዕለት፣ የመንደሩን ልጆች ሰብስበው ወደ ወንዝ ሳይሆን ወደ አውድማ ወሰዷቸው። ገለባ አስነጥፈው በሆዳቸው አስተኟቸው። ዋና ለልጅ ሥርዓትና ንጽሕና ያስተምራል አሉና በከዘራቸው መሬት እየመቱ አስቀዘፏቸው። ልጆቹ እስከ ጆሯቸው እብቅ ሆነው ተመለሱ፤ ንጽሕናው እንግዲህ ይህ ነው።

ከሰዓት በኋላ ልጆቹ ትምህርቱን እዚያው ጥለው፣ ብብታቸው ሥር ቅል አስረው ወንዝ ውስጥ ይንቦጫረቃሉ። ሊቀ ዋና ዳር ቆመው ያርማሉ። ለምን እንደማይገቡ የጠየቃቸው ሰው፣ "መምህሩ ከገባ ማን ያያል?" የሚል መልስ ያገኛል።

አንድ የመስከረም ቅዳሜ ግን ጉድ መጣ። የጎረቤታቸው የአሰለፈች ልጅ አርባ ቀኑ ነው፤ ክርስትና የሚያነሱት እሳቸው። ለሕፃኑ ነጠላ ሊገዙ አርብ ገበያ ሄደው አድረው ሲመለሱ፣ ሌሊት የዘነበው ዝናብ ወንዙን ሞልቶት ጠበቃቸው። ረጋ ብሏል፤ ግን ከራስ በላይ ነው። ቄሱ አርባውን አርባ አንድ አያደርጉም። ከዘገዩ ሕፃኑን ሌላ ሰው ያነሳዋል፤ ልጅ ላልወለዱት ንጉሴ ደግሞ አባት የሚባሉበት ዕድል ይህ ብቻ ነበር።

የአሰለፈች ትልቋ ልጅ ደጊቱ ልትፈልጋቸው ወርዳ ነበርና ሁለት ቅል ይዛ እየዋኘች መጣች። ሊቀ ዋና ስለ ውሃው አካሄድ ማብራሪያ ጀመሩ። እሷ ነጠላውን ራሷ ላይ ጠምጥማ፣ ቅሎቹን ብብታቸው ሥር አሰረችላቸው።

"ጋሼ፣ በጀርባዎ ይተኙ። ምንም አያድርጉ።"

"ምንም?"

"ምንም። ሲታገሉት ነው የሚያሰምጠው። አገጭዎን እኔ ይዤዋለሁ።"

"ይኸን ማን አስተማረሽ?"

"ስንቴ ጠጥቼው ነው።"

ያች ቀጭን መጽሐፍ ይህን አልጻፈችም። ዐይናቸውን ጨፍነው ተኙላት።

ቤተ ክርስቲያን ሲደርሱ ጢማቸው ይንጠባጠባል። ቄሱ ሕፃኑን አዩ፣ እሳቸውን አዩና "ተጠማቂው የትኛው ነው?" አሉ።

ድግሱ ላይ ሰው ሁሉ ጆሮውን አቀና፤ ወንዙን እንዴት እንደሰነጠቁት ሊተርኩልን ነው። እኔም ሳቄን አዘጋጅቼ፣ ዋንጫዬን ይዤ ጠጋ አልኩ። ሊቀ ዋና የክርስትና ልጃቸውን አቅፈው፣ "ደጊቱ ናት ያሻገረችኝ። እኔ ዋና አልችልም" አሉ።

በጋይንት ስንቱን አዋቂ አውቃለሁ፤ "አልችልም" ሲል የሰማሁት እሳቸውን ብቻ ነው። ሳቄን ከጠላው ጋር ዋጥኩት።