የጋሽ ሞላ አራት ነጥብ

አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ዓረፍተ ነገር የት ያልቃል? አትሳቁ። እኔ ላሊበላ ከተማ እንግሊዝኛ ሳስተምር ፀጉሬ የሸበተው በዚህች ጥያቄ ነው። እኛ ላስታዎች ወሬ ስንጀምር ተነሥተን፣ ተጣጥበን፣ ገበያ ወጥተን፣ ዘመድ ጠይቀን፣ ሐሜቱን አዳርሰን፣ ተመልሰን ስናበቃ ነው አንዲት ግሥ ጣል አድርገን ነገሩን የምናሳርፈው፤ ሰሚውም እስከዚያ በትዕግሥት ይጠብቃል እንጂ «ግሡ የታለ?» ብሎ አያቋርጠንም። እንግሊዝኛ ግን ትዕግሥት የለውም። ማን እንደሆንክና ምን እንዳደረግክ ገና ከመነሻው ትናገራለህ፣ ነጥብህን ታስቀምጣለህ፣ የቀረ ወሬ ካለህ እንደ አዲስ ትጀምራለህ። ነጥቡን ከረሳኸው ዓረፍተ ነገሩ ሮጠ ይሉሃል። ቸኩለህ ካስቀመጥከው ደግሞ ጎደለ ይሉሃል።

ተማሪዎቼ ሁለቱንም ይችሉበታል። አንዷ «ምክንያቱም አባቴ» ብላ ጽፋ፣ ነጥብ አድርጋ ወረቀቱን ሰጠችኝ። አባቷ ምን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላወቅኩም። ሌላው ስለ ክረምት ዕረፍቱ ሲጽፍ ገጹን በ«ኤንድ» እየቀጣጠለ ሄዶ ሄዶ አንድም ነጥብ ሳይነካ ደወል ተደወለ። በየዓመቱ ቀይ እስክሪብቶ እጨርሳለሁ፤ በየዓመቱ ያው ነው። ተስፋ የምቆርጠው በደመወዝ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ጋሽ ሞላ የመጡት እንዲህ ሆኜ ሳለሁ ነው።

ጋሽ ሞላ አስጎብኚ ናቸው። እንግሊዝኛውን የተማሩት ከፈረንጆቹ ከራሳቸው፣ በጆሮ ነው። ይምርሐነ ክርስቶስ ከእሳቸው ጋር የሄደ እንግዳ አይረሳቸውም፤ ከዋሻው አፍ ጀምረው እስከ ቤተ ክርስቲያኑ በር ድረስ ስላሠራው ንጉሥ፣ ስለ እንጨቱና ስለ ድንጋዩ፣ ከጀርባ ስላለው ዐፅም በአንድ ትንፋሽ ይተርኩታል። እንግዳው አንዲት ቃል እንዳታመልጠው ከእግራቸው ሥር አይጠፋም። ጦርነቱ እንግዳውን አርቆብን ከርሞ፣ ጥቂት በጥቂት መመለስ ሲጀምር አዲስ ደንብ መጣ፤ የአስጎብኚነት ፈቃድ የሚታደሰው በእንግሊዝኛ አንድ ገጽ ጽፎ ላለፈ ብቻ ነው ተባለ። ጋሽ ሞላ ጻፉ። ወደቁ። ገጹ ከላይ እስከ ታች አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር።

«መምህርት ልጄ» አሉኝ ትምህርት ቤት ድረስ መጥተው፣ ባርኔጣቸውን በእጃቸው እያዞሩ፤ «ዓረፍተ ነገርህ ይሮጣል አሉኝ። በዚህ ዕድሜዬ ወዴት እሮጣለሁ?»

ከሰዓት በኋላ ክፍሉ ባዶ ሲሆን መማር ጀመርን። መጀመሪያ «ትንፋሽ ሲያጥርዎ ነጥብ ያድርጉ» አልኳቸው። የማይረባ ምክር ነበር። የአሸተንን ዳገት እያወሩ የሚወጡ ሰው ትንፋሽ አያጥራቸውም። ቀጥዬ ነጥብ እንዲያበዙ ነገርኳቸው፤ እንደ ዘር በተኑት። «በዋሻው ውስጥ።» «በጣም ጥንታዊ።» «ንጉሡ ቅዱስ ስለሆነ።»

«ይህ አልሞላም ጋሼ። ንጉሡ ቅዱስ ስለሆነ፣ ምን?»

«ምን ማለትሽ ነው? ስለሆነ ነዋ!»

ሁለታችንም ተስፋ ቆረጥን፤ እኔ ከልማድ፣ እሳቸው ከድካም። ነገር ግን መንገድ ዳር ተቀምጦ ትናንት የደረሱ አስጎብኚዎች እንግዳ አስከትለው ሲያልፉ ማየት ከሰዋስው የባሰ ሳይሆንባቸው አልቀረም፤ በማግሥቱ ተመልሰው መጡ። ውለው አድረው የራሳቸውን ዘዴ አበጁ። እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር እንደ ምስክር ያቆሙታል። «ማነህ? ምን አደረግህ?» ይሉታል። ሁለቱንም ከመለሰ ነጥብ ይሰጡታል። በዚያው ዓረፍተ ነገር ሌላ ባለቤት መሐል ገብቶ ሊናገር ሲል «አንተ ተራህን ጠብቅ» ብለው እንደ አዲስ ይጀምሩለታል። ክረምቱ ሲወጣ የጻፉትን ገጽ ሳነብ ቀይ እስክሪብቶዬ ሥራ ፈታች። አለቀስኩ አልላችሁም። መስኮቱ ጋ ሄጄ ግን ትንሽ ቆምኩ።

ተፈተኑ። ውጤት ሲለጠፍ ከስማቸው አጠገብ «ተሰርዟል» ይላል።

ፈቃድ ሰጪው ቢሮ አብረን ሄድን። ጉዳዩን የያዘው ወጣት ኃላፊ ሰው አክባሪ ነው፤ ተነሥቶ ወንበር ሰጠን። የመጀመሪያውንና የሁለተኛውን ወረቀት ጎን ለጎን ዘረጋቸው።

«ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ይህ የእርስዎ አይደለም። ሰው የጻፈልዎትን ሸምድደው ነው።»

«እኔ አስተምሬያቸው ነው» አልኩ።

«እንዲህ የሚያስተምሩ ከሆነ ታዲያ ተማሪዎችዎ ለምን እንዲህ አይጽፉም?»

«ምክንያቱም አባቴ» ትዝ አለችኝ።

ወደ ጋሽ ሞላ ዞሮ «እስቲ ስለ ይምርሐነ ክርስቶስ በእንግሊዝኛ ይንገሩኝ» አላቸው። ጋሽ ሞላ ብድግ አሉ። ፊታቸው በራ፤ ይህማ ሙያቸው ነው። ንጉሡን፣ እንጨቱን፣ ድንጋዩን፣ ዐፅሙን በ«ኤንድ» እያያያዙ፣ እጃቸው አየሩን እየቀዘፈ፣ የትም ሳያርፉ ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ደረሱ። አቤት ሲያምርባቸው! ኃላፊውም ጉንጩን በእጁ ደግፎ እስከ መጨረሻው ሰማቸው። ሲያበቁ ወደ እኔ ዞረና ከልቡ እያዘነ ራሱን ነቀነቀ።

«ሰሙ አይደል መምህርት? እንዲህ የሚናገር ሰው እንዲያ አይጽፍም።»

መናገርና መጻፍ ለየቅል ናቸው ብዬ ላስረዳው ሞከርኩ። በንዴት ወሬዬ ረዘመ፤ ማሰሪያው ላይ ሳልደርስ ሌላ ባለጉዳይ ገባ። ለከርሞ እንደገና እንዲፈተኑ ተፈቀደላቸው።

  ስንመለስ «አብሽሩ ጋሼ፣ አይዞዎት» አልኳቸው። ቁልቁለቱ ላይ ቆም አሉ።

«መምህርት፣ ለከርሞ ምን ያህል ስህተት ብጨምርበት ያምኑኛል?»

የሚቀልዱ መስሎኝ ልስቅ ነበር። አይቀልዱም።

እና እናንተ ሆዬ፣ አሁን ከሰዓት በኋላ የማስተምራቸው ይህንኑ ነው፤ ኃላፊ በሚያምነው ልክ ማስሮጥ፣ ኃላፊ በሚያምነው ልክ ማጉደል። አልሆነላቸውም። ትናንት አንድ የጎደለ ዓረፍተ ነገር እንዲጽፉልኝ ጠየቅኳቸው። «ከተራራው ማዶ» ብለው ጻፉና እስክሪብቶውን አነሡ። ወረቀቱን አዩት። አልቻሉም፤ ጎንበስ ብለው ባለቤቱንም ግሡንም ጨመሩበት፣ ነጥቧንም በቦታዋ አኖሯት። ከዚያ ቀና ብለው አዩኝ።

«ይቅር በይኝ ልጄ፣ አመለጠኝ።»