የኪስ ካሜራዬ የሰጠችው ቃል

የካሜራ ክብሩ ክብደቱ ነው። ይህን የምለው አንገቴን ያጎበጠ ባለ ፊልም ካሜራ ተሸክሜ ግማሽ ዕድሜዬን ከዞርኩ በኋላ ነው። ያንን ጥቁር ብረት አንግታችሁ ስትመጡ ሰው መንገድ ይለቅላችኋል፤ ስብሰባ ላይ የፊት ወንበር ይሰጣችኋል፤ ዘበኛው መታወቂያ መጠየቅ ይረሳል። ሳሙና የምታክል ዲጂታል ካሜራ ከሸሚዝ ኪሳችሁ መዛችሁ «ጋዜጠኛ ነኝ» ስትሉት ግን ከራስ እስከ እግር ያያችሁና «ካሜራ የያዘው ሰውዬስ መቼ ይመጣል?» ይላችኋል።

ጥቅሟን አልክድም። ፊልም አትበላም። ትልቁን ካሜራ ያየ የአገሬ ሰው ወዲያው ይደርቃል፤ እጁን ሱሪው ላይ ለጥፎ፣ ፍርድ ሊነበብበት እንደሆነ ሰው ቀጥ ይላል። እሷን ግን ማንም ከቁም ነገር ስለማይቆጥራት ሰው እየሳቀ፣ እያኘከ፣ እየተጨቃጨቀ ይነሳላችኋል። ጉዳቷም ከዚያው ነው። ያነሳችውን እዚያው ስለምታሳይ ተነሺ ሁሉ አርታኢ ይሆናል። «ዓይኔ ተጨፍኗል፣ ድገመው።» «ይሄ አገጭ የኔ አይደለም።» ከሁሉ የሚብሰው ግን «እግሬስ?» የሚለው ነው። እኛ ዘንድ ከወገብ በላይ የተነሳ ሰው ፎቶ ተነሳሁ አይልም፤ ተቆረጥኩ ነው የሚለው።

የባትሪ ድንጋይዋ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። በ2000 ዓ.ም. የካቲት ላይ ስለ ማሾ ምርት ልዘግብ ወደ ማጀቴ ከተማ ስወርድ፣ ጣርማ በር ላይ ጉሙን ላነሳ ብዬ አወጣኋት። ብርዱ ድንጋዮቹን ገደላቸውና እጄ ላይ ጠፋች። ከጣርማ በሩ የመኪና ዋሻ ወጥተን ቁልቁል ስንወርድ ደብረ ሲና ላይ ጃኬቴን፣ ከዚያ ዝቅ ስንል ሹራቤን አወለቅሁ፤ ሸዋ ሮቢት ስደርስ የቀረኝ የሸሚዜን ቁልፍ መፍታት ብቻ ነበር። ከሱቅ አዲስ ድንጋይ ገዝቼ ስከትባት ነቃች። ገና ከእንቅልፏ ሳትላቀቅ ቀኑን እንድሞላላት ጠየቀችኝ። ርቦኝ ነበር፤ አለፍኳት። ጋዜጣ ላይ ለወጣች አንዲት የቀን ስህተት ባልደረቦቹን ሳምንት ሙሉ መድረሻ የሚያሳጣው ሰው እኔ መሆኔን እዚህ ላይ ያዙልኝ።

የበላሁት እትዬ ብርቄ ዘንድ ነው። እትዬ ብርቄ ከዋናው መንገድ ዳር ምግብ ቤት ያላቸው ሴት ናቸው፤ በዚያ መስመር የሚሠራ ሾፌር ጀውሃ ላይ ርቦት እንኳ ሸዋ ሮቢት ድረስ ሆዱን ይዞ የሚመጣው ለእሳቸው ወጥ ነው። እኔም ስድስት ዓመት ሙሉ ባለፍኩ ባገደምኩ ቁጥር እሳቸው ዘንድ በልቻለሁ። ከምሳ በኋላ በራቸው ላይ አቁሜ አነሳኋቸውና አሳየኋቸው።

«እግሬስ?» አሉ።

«ፊትዎ እኮ አምሮ ወጥቷል፣ እትዬ።»

«ፊቴንማ መስታወት ያሳየኛል! አዲስ ጫማ ያደረግሁት ለማን ሆነና?»

ወደ ኋላ ሄድኩ። አሁንም ሄድኩ። አስፋልቱ ላይ ወጥቼ አንድ የጭነት መኪና በጡሩምባው ሲያባርረኝ ጫማቸው ገባ። ጫማቸው ሲገባ ቤቱም አብሮ ገባ፤ ቆርቆሮው፣ ሰማያዊው በር፣ የማንጎው ዛፍ፣ ሁሉም። ፎቶዋን አዲስ አበባ አሳጥቤ በሾፌር እጅ ላክሁላቸው። ጥጓ ላይ የታተሙትን ደቃቅ ቢጫ ቁጥሮች ልብ አላልኳቸውም።

ግንቦት ላይ ተመልሼ ስመጣ እትዬ ብርቄ ፊታቸው ጠቁሯል። አካባቢው ለመናኸሪያ ተፈልጎ ቤቶች ሊነሱ ነው። ምትክ ቦታ የሚሰጠው ዓመቱ በገባበት ቀን፣ መስከረም አንድ ላይ፣ ቆሞ ለነበረ ቤት ብቻ ነው። ወሬው ከተሰማ ወዲህ የጨረቃ ቤት እንደ አሸን ፈልቶ ስለነበር ገደቡን ያወጣው ሰው ሞኝ አልነበረም። ችግሩ፣ እትዬ ብርቄ ቤቱን ሲገዙ የተጻፈውን ውል ምስጥ በልቶታል። የቆላ ምስጥ ማንበብ ባይችልም ወረቀት ይወዳል።

«ዛሬ ከሰዓት ኮሚቴው ፊት እቀርባለሁ» አሉኝ። «ይሄ ቤት ከሄደ ድስቴን የት ልጥደው? አስፋልቱ ላይ?»

«እኔ እመሰክርልዎታለሁ።»

«አንተማ የተማርክ ነህ፤ ይሰሙሃል።»

የኮሚቴው ሊቀመንበር ወጣት፣ ጠንቃቃ፣ ከመናገሩ በፊት የእስክሪብቶውን ክዳን የሚገጥም ሰው ነው። ስድስት ዓመት እዚያ ቤት መብላቴን ነገርኩት።

«ጋሼ፣ እናከብርዎታለን» አለኝ። አንድ ባለሥልጣን እናከብርዎታለን ሲላችሁ ነገሩ ማለቁን እወቁ። «ግን የሰው ምስክር አንቀበልም ብለናል። እሱ ለእሷ ይመሰክራል፣ እሷ ለእሱ ትመሰክራለች፤ በምስክር ከሄድን ትናንት የቆመው ጎጆ ሁሉ ከንጉሡ ዘመን ጀምሮ የነበረ ነው። የበላ ይመስክር ካልን ደግሞ ከመቀሌ ሾፌር ልንጠራ ነው። ማስረጃ ይምጣ።»

እትዬ ብርቄ የነጠላቸውን ጫፍ ፈትተው ፎቶዋን አወጡ። «ይኸው ቤቴ! እስቲ እዩት፣ ትናንት የበቀለ ይመስላል?»

ሊቀመንበሩ ወደ መስኮቱ አስጠግቶ አያት። ጥጓ ላይ ሲደርስ ፊቱ በራ።

«ዜሮ አንድ፣ ዜሮ አንድ፣ ሁለት ሺህ» ብሎ ጮክ ብሎ አነበበ። «መስከረም አንድ! የእንቁጣጣሽ ዕለት የተነሳ ነው!»

ከአባላቱ አንዱ አንገቱን አስግጎ «እውነትም፣ አዲስ ጫማ አድርገዋል» አለ።

ነገሩ ያኔ ገባኝ። ጠይቃኝ ያልመለስኩላት ካሜራ ፋብሪካው ወደ ሰጣት መነሻ ቀን ተመልሳለች፤ በፈረንጆች አቆጣጠር ሁለት ሺህ፣ የመጀመሪያው ወር፣ የመጀመሪያው ቀን። ያኔ ካሜራዋ ራሷ አልተሠራችም። ቁጥሩ በእኛ አቆጣጠር ሲነበብ ግን ኮሚቴው የሚፈልጋት ያቺው ቀን ቁጭ አለች። እኔ ስድስት ዓመት በልቼ ያላሳመንኩትን ሸንጎ እሷ ባልኖረችበት ቀን አሳመነችው።

ዝም ልል ነበር። ሊቀመንበሩ ግን ጠንቃቃ ነው አልኳችሁ።

«ያነሱት እርስዎ ነዎት?»

«አዎ።»

«በዚህ ቀን?»

እትዬ ብርቄ ወደ እኔ ዞሩ። ፊታቸው ላይ እፎይታው ገና መቀመጡ ነበር። ቤቱ መስከረም አንድ ላይ ቆሞ ነበር፤ ይህ እውነት ነው። ፎቶው መስከረም አንድ ተነሳ፤ ይህ ውሸት ነው። የተጠየቅኩት ሁለተኛውን ነው።

«አይደለም» አልኩ። «የካቲት ላይ ነው ያነሳሁት። ድንጋይ ስቀይር ቀኗ ተዛብቶ ነው።»

እትዬ ብርቄ የነጠላቸውን ጫፍ ባዶውን መልሰው ቋጠሩት።

«የካቲት ላይ ለመነሳቱ ማስረጃዎ ምንድን ነው?» አለ ሊቀመንበሩ።

«እኔ ነኛ! አንሺው!»

«ጋሼ፣ የሰው ምስክር አንቀበልም ተባብለናል።»

ያኔ እልህ ያዘኝ። ካሜራዋን ከኪሴ መዝዤ ቀኑን በትክክል ሞላሁና ሊቀመንበሩን እዚያው ወንበሩ ላይ አንስቼ አሳየሁት። መጀመሪያ ራሱን አየ። «እግሬስ?» አለ። ቀጥሎ ቁጥሩን አየ፤ ሁለት ሺህ ስምንት ይላል።

«ስምንት ዓመት ቀድማን ሄደች» አለ ቅድም ስለ ጫማው የተናገረው አባል።

«በፈረንጅ ነው!» አልኩ። «ትክክለኛው ይሄ ነው።»

ሊቀመንበሩ የእስክሪብቶውን ክዳን ገጠመ። «በፈረንጅ መሆኑ ይገባናል፣ ጋሼ። ግን ይቺ ካሜራ ሁለት ቃል ሰጥታለች። ማንም ሳይነካት ሁለት ሺህ ብላለች። አሁን ደግሞ እርስዎ ዓይናችን እያየ ጎረጎሯትና ሁለት ሺህ ስምንት አለች። ምስክር ተጎርጉሮ የሰጠው ቃል አይያዝም። የመጀመሪያው ይጸናል።»

በቃለ ጉባኤው ላይም እንዲሁ ተጻፈ። ለእትዬ ብርቄ ምትክ ቦታ ተፈቀደላቸው።

ስንወጣ ወረፋ ይጠብቁ ከነበሩት አንድ ሰውዬ ክንዴን ያዘኝ። ወሬው ቀድሞን በሩ ጋ ደርሷል። «ጋሼ፣ እባክዎ እኔንም ከነቤቴ በመስከረም አንድ ያንሱኝ» አለኝ። «እግሬ ባይገባም ግድ የለኝም።»

እትዬ ብርቄ እስከ ምግብ ቤቱ ድረስ ከፊቴ ከፊቴ ሄዱ። ወጡን ሲያወጡልኝ ጭልፋውን ድስቱ ላይ ሁለት ጊዜ አንኳኩት።

«ቤቱ መስከረም ላይ አልነበረም?» አሉ።

«ነበር።»

«ታዲያ ምን ብለህ ነው የተናገርከው?»

«ጠየቁኝ፣ እትዬ። እውነቱ እሱ ነው።»

እትዬ ብርቄ ከድስቱ አንድ ቅልጥም መርጠው ሰሃኔ ላይ ጨመሩልኝ።

«ብላ» አሉ። «ደግነቱ፣ የሚያምንህ የለም።»