ጥርሱን ያልቀየረ ፍየል

አበሻ በተሰደደበት አገር ሁሉ፣ ሌላው ሥጋ ሲያምረው እሱ የሥጋውን ዕድሜ የሚጠይቅ አንድ ሰው አይጠፋም። ሐርጌሳ ላይ ለእኛ የደረሰን ክቡር ጋሼ አቻምየለህ ነበር። እሱም እኔም ግንበኞች ነን። ከተማዋ ያኔ እርስ በርሷ ትዋጋ ስለነበር እኛ የገነባነውን ግድግዳ በኤርፖርት በኩል የሚተኩሱት ይበሱታል፤ ሥራ አላጣንም።

ያጣነው ሥጋ ነው። የገበያው ሥጋ በሙሉ በእስላም እጅ የታረደ ነው፤ እነሱ የኛን እንደማይበሉ እኛም የነሱን አንበላም፣ በዚህም ማንም ማንንም አይቀየምም። ፋሲካ ሲመጣ ግን ፍየሉን ከነነፍሱ ገዝቶ ግቢ ውስጥ ማረድ ግድ ነው። አብራን የምትኖረው ይመኙሻል ሴት ናት፣ ሴት አታርድም። እኔ ደግሞ ዶሮ ሲታረድ እንኳ ፊቴን አዞራለሁ። ስለዚህ የሦስታችን ሆድ የሚያድረው በጋሼ አቻምየለህ ቢላዋ ፈቃድ ነው።

ቢላዋውም ሕግ አለው። «ጥርሱን ያልቀየረ፣ እናቱን የሚጣራ፣ አይታረድም።» ይህን የሚለው አንድ ጣቱን አንስቶ ነው። አንድ የፋሲካ ዋዜማ ከዋሄን ገበያ ዳር ፍየል ልንገዛ ወጥተን የነጋዴውን የዓብዲቃኒን ፍየሎች አንድ በአንድ አፋቸውን እያስከፈተ ሁሉንም በሕፃንነት አሰናበታቸው። ዓብዲቃኒ ለስላሳ ሥጋ የሚወደው አገሩ ሁሉ የሚሻማባቸውን ግልገሎች አሳየው፤ ጋሼ አቻምየለህ እንደተሰደበ ሰው ፊቱን አጨማደደ። በመጨረሻ ነጋዴው ትዕግሥቱ አለቀና «ልትበላው ነው ወይስ ልጅህን ልትድርለት?» አለው። ባዶ እጃችንን ተመለስን።

ክርክር አይችለውም። መጽሐፍ እንኳ ጠቦት እረዱ ይላል ስለው፣ «የዓመት ጠቦት ነው የሚለው፤ ዓመቱን የሞላ ደግሞ ጥርሱን ሊቀይር ነው» አለኝ፤ ካህን ቢሰማው ዝም የሚል አይመስለኝም። ይመኙሻል ደግሞ እንቁላል ሲበላ ጠብቃ፣ ከዚህ የሚያንስ ሕፃን አለ ወይ ስትል ጠየቀችው። ጉርሻው አፉ ውስጥ ቆመ። ብዙ ካሰበ በኋላ እንቁላል ማንንም አልተጣራም ብሎ ዋጠ።

በሰማንያ ሰባቱ ሁዳዴ መጨረሻ ላይ ተኩሱ ወደ ሰፈራችን ቀረበ። አርዶ የምትባለውን ሶማሊት ጎረቤታችንን ፍየሏን ተባራሪ ጥይት ገደለባትና ግልገሉ ብቻውን ቀረ። እሷም ከተማውን ጥላ ልትሸሽ የጭነት መኪና ስትጠብቅ ግልገሉን አቅፋ መጣች። ጅጅጋ በስደት ሳለች በለመደችው አማርኛ፣ «ውሰዱት፣ በዓላችሁ ነው፣ እረዱት። እኔ ከሄድኩ የታጠቁት ይበሉታል» አለችን። መርቀን ተቀበልናት። እኔ በልቤ ጎድኑን ከሽንጡ ለይቼ ጨርሻለሁ።

ግልገሉ ሌሊቱን ሙሉ የሞተች እናቱን ሲጣራ አደረ። ጠዋት ጋሼ አቻምየለህ ቢላዋውን ትቶ ለሻይ ያስቀመጥናትን የዱቄት ወተት በጥብጦ በጨርቅ ሲያጠባው አገኘነው። ያን ፋሲካ በእንቁላል ፈሰክን። ሻዩንም ከዚያ በኋላ ያለ ወተት ጠጣን፤ ውጭ መትረየስ ይንጣጣል፣ ውስጥ ክቡርነታቸው ፍየል ያጠባሉ። ተናደድኩበት፣ አልዋሽም።

በዓመቱ ውጊያው ረገብ ሲል ግልገሉ ቀንድና ጢም አውጥቶ ነበር። ጋሼ አቻምየለህ በበዓሉ ዋዜማ አፉን ከፍቶ አየ፤ ደግሞ አየ። «ቀይሯል» አለ፣ መርዶ እንደሚያረዳ ሰው። ሁለት ፋሲካ አስርቦናልና ቃሉን ማጠፍ አልሆነለትም። ቢላዋውን ሊስል ወደ ጎረቤት ወጣ።

ገና በሩን ከማለፉ ያ ጢማም ፍየል ገመዱን እየጎተተ ጮኸ። ሌላ ፍየል ቢያይ ትንፍሽ አይልም፤ የሚጮኸው ጋሼ አቻምየለህ ከዓይኑ ሲሰወር ብቻ ነው። የተሳለውን ቢላዋ ይዞ ሲመለስ ዝም አለ፣ ሱሪውንም ይታከከው ጀመር። ጋሼ አቻምየለህ እኛን ላለማየት ቢላዋውን ያያል። ይመኙሻል የከተፈችውን ሽንኩርት ይዛ ቆማለች። በዚያች ሰዓት ይህን አስቸጋሪ ሰው እንደ ወንድሜ እንደምወደው ገባኝ።

«ጋሼ፣ አይታረድም» አልኩት።

«ጥርሱን ቀይሯል እኮ።»

«እናቱን እየተጣራ ነው።»

ቀና ብሎ አየኝ፤ ከዚያ ፍየሉን አየ። ቢላዋውን ለይመኙሻል ሰጣት። እሷም ሽንኩርቱ ለእንቁላል ይሆናል ብላ ገባች። ከሦስታችን አብልጦ የበላው ግን እናትየው ነበር።