የግርማዊ ካሌርቮ የድንች ማሳ

በዘመነ ጡረታ በሁለተኛው ዓመት፣ በዘመነ ዝምታ በዘጠነኛው፣ በመጋቢት ወር በዕለተ ማክሰኞ፣ ካሌርቮ ሃውታላ ከእንቅልፋቸው ተነሡ። የአጃ ገንፎ በሉ። ሳህናቸውን አጠቡ። በመስኮቱ ላይ የተሰቀለውን የሙቀት መለኪያ አይተው «አሥራ አንድ» አሉ፤ ከዜሮ በታች ማለታቸው ነው። ቡናቸውን ቆመው ጠጡ። ጋዜጣውን እንደ ልማዳቸው ከመጨረሻው ገጽ ጀምረው ሲያነቡ፣ ከሽያጭ ማስታወቂያዎቹ በአንዱ ላይ ጣታቸውን አሳረፉና እስከ ምሳ ሰዓት ድረስ አላነሡትም።

ወእምዝ ነገሩ ተጀመረ።

ይህን ዜና የጻፍኩት እኔ ጸሐፊተ ትእዛዝ ካሪና ነኝ፤ በሕግ ሚስታቸው፣ በሙያዬ መምህርት፣ ከዩኒቨርሲቲ በጂኦግራፊ ተመርቄ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የኩኦፒዮ ከተማ ልጆች ካርታ ማንበብ ያስተማርኩ። አንባቢ ይህን የመጨረሻውን ነገር እንዲይዝልኝ እለምናለሁ፤ ኋላ የማፍርበት እሱ ነው።

ግርማዊ ካሌርቮ፣ ሥዩመ ሳውና፣ ቁመተ ረጅም ቃለ አጭር፣ ሠላሳ ስምንት ዓመት የከተማውን አሳንሰሮች እየጠገኑ ትዕቢተኛውንም ትሑቱንም እኩል ወደ ላይ ያወጡ፣ እኩልም ያወረዱ ሰው ነበሩ። ዘመነ ዝምታ የተባለው ደግሞ እንዲህ ነው፦ የግርማዊነታቸው እናት ባረፉ ጊዜ የልጅነት ቤታቸው ተሸጠ፤ መሸጥ የፈለገው ታናሽ ወንድማቸው ኦስሞ መሰላቸው፤ ኦስሞም መሸጥ የፈለጉት ካሌርቮ መሰሉት፤ ሁለቱም ሳይጠያየቁ ፈረሙ፤ ፈርመውም በየፊናቸው ወጡ፤ ከዚያች ቀን ጀምሮ አንዱ ለሌላው ቃል ሳይተነፍስ ዘጠኝ ዓመት አለፈ። ጠብ አልነበረም። ጠብ ቢሆን ኖሮ ቢያንስ ድምፅ ይሰማ ነበር።

በዚያች ማክሰኞ ግርማዊነታቸው ሾርባ እየጠጡ አዋጅ አስነገሩ። አዋጁም ይህ ነው፦

«ስሚኝ ካሪና። ቤት አግኝቻለሁ። ጫካ ውስጥ ነው። መብራት የለው፣ ቧንቧ የለው፣ ጎረቤት የለው። ግን ልክ እንደ እናቴ ቤት ያለ ትልቅ ምድጃ አለው። ለሰኔው የዮሐንስ በዓል ዘመድ ወዳጁ ሁሉ እዚያ ይሰበሰባል። ሁሉም ማለቴ ነው። ሁሉም።»

«ሁሉም» ሁለት ጊዜ ሲባል ማን ማለታቸው እንደሆነ ገባኝ። አልጠየቅኋቸውም።

ልጃችን ሳይላ ይህን በስልክ በሰማች ጊዜ የተቃውሞ አዋጅ አወጣች፦ «አባዬ፣ መብራት ከሌለ ስልኬን በምን ልሞላው ነው? ሽንት ቤቱስ?» ግርማዊነታቸውም፦ «ሽንት ቤቱ ውጭ ነው። በሩ ላይ የልብ ቅርጽ ያላት ቀዳዳ አለችው። ከዚያ በላይ ምን ትፈልጊያለሽ?» ብለው ዘጉት።

በእሑድም ዘመቱ። የተከተላቸው ሠራዊት ይህ ነው፦ በቀኝ ጸሐፊተ ትእዛዝ፣ ከኋላ ወንበር ላይ አካፋ፣ መጥረቢያ፣ ሁለት ፔርሙዝ፣ አሥራ ሁለት የእንጨት ችካል፤ ሌላ ማንም የለም። ሻጯ በፖስታ የላኩልን የካርታ ኮፒ ጥቁርና ነጭ ነበር። በላዩም ላይ ከመንደሩ ተነሥታ እስከ ቤቱ ደጃፍ የምትዘልቅ የተቆራረጠች መስመር ነበረች። እኔም መነጽሬን አድርጌ፣ ጉሮሮዬን ጠርጌ፣ «የጠጠር መንገድ ነው» ብዬ አወጅኩ። ባለቀለሙ ካርታ እቤት፣ ከመቀመጫዬ በስተጀርባ፣ እጄን ብዘረጋ በምደርስበት መደርደሪያ ላይ ነበር። እጄን አልዘረጋሁም።

መንገዱ ከጥዱ ጫካ ወጥቶ ወደ ሰፊ ነጭ ሜዳ ወረደ፤ ግራና ቀኙ ቅርንጫፍ እየተተከለ ምልክት ተደርጎበታል፤ በረዶ ጠራጊው መንገዱን እንዳይስት ነው ብለን አለፍን። ቤቱም ጣሪያው ላይ አንድ ክንድ በረዶ ተሸክሞ፣ ጭስ እያወጣ ታየን። ሻጯ እማማ ሄልቪ፣ የሰማንያ አራት ዓመት አሮጊት፣ በእግር እየተገፋች በበረዶ ላይ የምትንሸራተት ወንበራቸውን እየገፉ ወጥተው ተቀበሉን። ሳውናውን አሙቀውልን ነበርና ታጠብን። ከዚያ ሦስታችን ምድጃው ፊት ተቀምጠን ለአንድ ሰዓት ያህል ምንም ሳንናገር ቆየን። ድርድሩ ያ ነበር። በመጨረሻ እማማ ሄልቪ አወጁ፦

«ምድጃው አያጨስም። ጣሪያው አያፈስም። ሌላውን ራሳችሁ ታዩታላችሁ።»

ግርማዊነታቸው ምድጃውን በመዳፋቸው ነኩት። እጃቸውን ሲያነሡ ቤቱ እንደተገዛ አወቅሁ።

ወእምዝ ወደ ደጅ ወጡ፤ ከበሩ እስከ ጫካው ጥግ የተዘረጋውን፣ ድንጋይ የሌለበትን፣ ጉቶ የሌለበትን፣ እንደ ጠረጴዛ የተስተካከለውን ሜዳ አዩ። በአገራችን ድንጋይ የሌለበት ማሳ አይቶ የማይጠራጠር ሰው፣ ከእኛ ሁለታችን በቀር፣ አላውቅም። እርሳቸው ግን ችካሎቻቸውን በብብታቸው ይዘው፣ በረዶው እስከ ጉልበታቸው እየዋጣቸው፣ እርምጃ እየቆጠሩ ወደ መሐል ገሰገሱ፤ በመጥረቢያው ጀርባም እየመቱ አሥራ ሁለቱንም ተከሉ፤ ድምፃቸውንም ከፍ አድርገው አወጁ፦

«ከዚህ እስከዚያ ድንች! እዚያ መኪና ማቆሚያ! እዚህ ደግሞ ረጅም ጠረጴዛ፣ ሃያ ሰው የሚያስቀምጥ!»

እማማ ሄልቪ ከበሩ ደፍ ላይ ቆመው ይህን ሁሉ አዩ። ራሳቸውን ነቀነቁ። እኛ ምርቃት መሰለን።

ሚያዝያን በሙሉ የዘር ድንቹ በእንቁላል ካርቶን ላይ ተደርድሮ በመስኮታችን ሥር ቡቃያ አወጣ። የጥሪ ካርዶችም ወደ አራቱ ማዕዘን ተላኩ፤ ለሳይላና ለባሏ ለመንትዮቿም፣ ለአክስት ሉሚ፣ በሦስተኛው ፎቅ ለሚኖሩት ጎረቤቶቻችን፣ ለአሳንሰር ጠጋኞች ማኅበር ጡረተኞች። ለኦስሞ በተላከችው ካርድ ላይ ስድስት ቃል ብቻ ነበር፦ «ምድጃ ያለው ቤት ገዝተናል። ለዮሐንስ ና።» ሁሉም መለሱ። ኦስሞ አልመለሰም። ግርማዊነታቸው በየጠዋቱ ወደ ፖስታ ሣጥኑ ወረዱ፤ በአሳንሰር ሳይሆን በደረጃ፤ ረዘም እንዲል ይመስለኛል።

በግንቦት መጨረሻ ድንቹን በጆንያ፣ መኮትኮቻውን በመኪናው ጣሪያ ላይ አድርገን ዘመትን። የጥዱን ጫካ አልፈን ወደ ሜዳው ስንወርድ መንገዱ ቀጥ ብሎ ውኃ ውስጥ ገባ።

ግርማዊነታቸው ሞተሩን አጠፉ። ከመኪናው ወረዱ። ማሳቸው ከጫማቸው ጫፍ ጀምሮ በነፋስ እየተሸበሸበ፣ በፀሐይ እያብለጨለጨ፣ ሰማያዊ ሆኖ ተዘርግቷል፤ በመሐሉም ችካሎቻቸው አንዱ ከአንዱ ርቀው ይንሳፈፋሉ፤ ከማዶ፣ ከስድስት መቶ ሜትር ውኃ በኋላ፣ ቤታችን በደሴቱ ላይ ቆሟል። ብዙ ከቆዩ በኋላ አወጁ፦

«ማሳው ረጥቧል።»

ወደ እኔም ዞረው፦ «ካሪና፣ ያቺ የተቆራረጠች መስመር ምን ነበር ያልሺኝ?»

ያቺ መስመር በበረዶው ወራት ብቻ፣ ሐይቁ በረዶ ሆኖ ሲጠጥር የሚከፈት መንገድ ምልክት ናት። በስድስተኛ ክፍል አስተምራታለሁ። በፈተና አወጣታለሁ። አንድ ጊዜ እሷን የሳተ ልጅ አስለቅሻለሁ።

የድንቹ ጆንያ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠን ዳቧችንን በላን። ከዚያ እማማ ሄልቪ ቤቱን ሸጠው ወደገቡበት መንደር ተመልሰን በራቸውን አንኳኳን። እማማ ሄልቪም ተገረሙ፦

«ደሴት ነው ወይ ብላችሁ መቼ ጠየቃችሁኝ? ደግሞ ያን ሁሉ ችካል በሐይቁ ላይ ስትመታ አይቼ፣ ልጄ፣ መረብ የምትጥልበትን ቦታ ምልክት እያደረግክ ነው ብዬ፣ ይሄስ ዓሣ የሚያውቅ ሰው ነው አልኩ። ሰው በገዛ ሐይቁ የት መረብ እንደሚጥል እኔ ምን ጥልቅ አደረገኝ?»

«ጀልባስ አለዎት፣ እማማ?»

«ነበረኝ። አርጅቶ ነበርና አምና በዮሐንስ ደመራ ላይ አቃጠልነው። ደስ የሚል እሳት ነበር።»

በዓሉ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል፤ ሃያ ሰው ተጠርቷል፤ ጀልባ የለም። ከምናውቀው ሰው ሁሉ ሃያ ሰው ከነጓዙ የሚያመላልስ ጀልባ ያለው አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ኦስሞ ነው። ጀልባውም የአባታቸው ነው፤ ሁለት ጥንድ መቅዘፊያ ያለው ረጅም የእንጨት ጀልባ፣ ወንድማማቾቹ በልጅነታቸው የቀዘፉት፣ የእናታቸው ቤት ሲሸጥ ኦስሞ የወሰደው።

ወእምዝ ግርማዊነታቸው ስልኩን ከበቡ። ከበባው ሦስት ቀን ፈጀ። በመጀመሪያው ቀን በስልኩ ዙሪያ አቧራ ጠረጉ። በሁለተኛው ቀን ሽቦውን መረመሩ፤ ጤነኛ ነበር። በሦስተኛው ቀን ከምሳ በኋላ ምሽጉን ሰብረው ገቡ፤ እኔም ሳህን የማጥብ መስዬ ውኃውን ዘጋሁ።

«ጀልባው አለ?»

«አለ።»

«ደሴት ገዝቻለሁ። ሳላውቅ።»

ስልኩ የተዘጋ መሰለኝ። ከዚያ ግን ዘጠኝ ዓመት ያልሰማሁት ድምፅ ወጣ፤ ኦስሞ እየሳቀ ነበር፤ እስኪያስለው ድረስ ሳቀ።

«ሳታውቅ? ሳታውቅ ደሴት ይገዛል እንዴ፣ አንተ ሰው? የጂኦግራፊ አስተማሪዋስ የት ሄዳ ነበር?»

«አጠገቤ ነበረች። ካርታውን ያነበበችልኝ እሷ ናት።»

«በል ተወው፣ መጣሁ። እሷን ብቻ መንገድ እንዳታስመራ።»

በበዓሉ ዋዜማ ጠዋት ኦስሞ ጀልባውን በተጎታች ጭኖ ከሐይቁ ዳር ደረሰ። ወንድማማቾቹ አልተቃቀፉም። «አረጀህ» አለ ኦስሞ። «አንተም ወፍረሃል» አሉ ካሌርቮ። ከዚያ ጀልባውን ከሁለት ወገን ይዘው ወደ ውኃው ገፉት።

የተሻገረው ሕዝብና ጓዝ ይህ ነው፦ ሳይላ ከነመንትዮቿ፣ ስልኳን እንደ ታቦት ከራሷ በላይ ይዛ፤ ባሏ፣ ዋና የማይችል፤ አክስት ሉሚ፣ በጥቁር ዳቦ ሆድ ውስጥ የተጋገረ ዓሣ በፎጣ ጠቅልለው፤ ስምንት የአሳንሰር ጠጋኞች፣ ወደ ጎን መሄድ የማይወዱ፤ የሦስተኛው ፎቅ ጎረቤቶች፤ አሥራ ሁለት ወንበር፤ አንድ የብረት ድስት፤ አንድ አኮርዲዮን፤ እማማ ሄልቪ፣ ቤታቸው እንዴት እንደሰነበተ ለማየት፤ የድንቹ ጆንያ። አሥራ አራት ጊዜ ተመላለሱ።

በመጨረሻው ጉዞ እኔ ብቻ በጀልባው ጫፍ ተቀምጬ ነበር። ካሌርቮ ከፊቴ፣ ኦስሞ ከኋላቸው ሆኖ ይቀዝፋሉ፤ ሁለቱም ፊታቸው ወደ እኔ ነው፤ ኦስሞ የሚያየው የወንድሙን ጀርባ ነው። ለእኛ ሰዎች ከዚህ የተሻለ የመነጋገሪያ ቦታ አልተሠራም። በመሐል ሐይቁ ላይ ኦስሞ ለጀርባው ተናገረ፦

«የእማዬን ቤት መሸጥ የፈለግከው አንተ ነበርክ።»

«እኔ? አንተ መሰልከኝ።»

«እኔማ አልፈለግኩም።»

«እኔም።»

አሥር ጊዜ ያህል ቀዘፉ።

«ታዲያ ሁለት ጅሎች ነን።»

«ሦስት ነን» አሉ ግርማዊነታቸው፣ እኔን እያዩ። «ሦስተኛዋ ዲግሪ አላት።»

እኔም ወደ ውኃው ዞር አልኩ፤ ነፋስ ዓይኔን ነክቶኝ ነበር።

በዚያ ቀን ምድጃው ነደደ፤ አላጨሰም። ሃያ ሰው ሳር ላይ በተዘረጋ ጠረጴዛ በላ። ድንቹም ከሳውናው ጀርባ በድንጋዮች መካከል በአራት አጭር መስመር ተተከለ፤ በመስከረም ተቆፍሮ አንድ ድስት ሞላ፤ ግማሹ ለኦስሞ ተላከ።

ይህን የምጽፈው በዘመነ ጡረታ በስድስተኛው ዓመት ነው ልል ነበር። ዘመነ ጡረታ ግን በአራተኛው ዓመት በጥቅምት ወር ከግርማዊነታቸው ዕድሜ ጋር ተፈጸመ። ከዚያ በፊት በነበረው መስከረም ከጀልባው ወደ ቤቱ በምታወጣው ደረጃ ላይ ካሌርቮ ሁለት ጊዜ ቆሞ ሲያርፍ አየሁት። አልጠየቅኩትም።

እንግዲህ ትውልድ ሁሉ ይህን ያንብብ፦ ካሌርቮ፣ ሥዩመ ሳውና፣ ድል አድራጊ ዘስልክ፣ የረጠበው ማሳ ጌታ፣ በውኃ ላይ ችካል የመታ፣ ደሴትን ሳያውቅ የማረከ፣ ሃያ ነፍስ በአሥራ አራት ጉዞ ያሻገረ፣ ዘመነ ዝምታን በሁለት ቃል ያፈረሰ፤ ነገሥታት በሠራዊት ያላገኙትን አንድ ጠረጴዛ በስሕተት አገኘ። ስሙ በአሳንሰሮች ሁሉ ላይ ከፍ ከፍ ይበል።

የዮሐንስ በዓል በሚመጣው ዓርብ ነው። ሁሉም ይመጣሉ፤ ኦስሞ ያሻግራቸዋል። የካሌርቮ መቅዘፊያዎች በሳውናው ግድግዳ ላይ ተሰቅለዋል። አሁን ኦስሞ ሲቀዝፍ ከፊቱ የሚያየው ጀርባ የለም።