ጅራት የሌላት አህያ

(ወላይታ ሶዶ፣ ጥቅምት 1957 ዓ.ም.። የአንድ ትምህርት ቤት የእንጨት ሥራ ክፍል። ፈረንጇ መምህርት በአገሯ ልጆች የሚጫወቱትን የማስፈራሪያ በዓል እዚህም እናክብር ብላለች። ዳይሬክተሩ አቶ ወልደመስቀል ደግሞ ከሁለቱ አናጢዎች ጨዋታውን ለልጆቹ አሳምሮ ያስረዳው የክፍሉን ቁልፍ ተረክቦ ኃላፊ ይሆናል ብለዋል። ባዳቾ ቁልፉን ክፉኛ ተመኝቶታል፤ ችግሩ ስለ በዓሉ አንድም ነገር አያውቅም። ጦና ግን ሁሉን ያውቃል።)

ባዳቾ፦ እኔ የምለው፣ ዱባ ዓይን ምን ያደርግለታል?

ጦና፦ ያስፈራበታላ!

ባዳቾ፦ ማንን?

ጦና፦ ልጆቹን።

ባዳቾ፦ የኛን ልጆች? ትናንት እባብ በጅራቱ አንጠልጥለው ክፍል የገቡትን?

ጦና፦ አንተ ሰው! አዲስ አበባ ፈረንጅ ቤት አትክልተኛ የነበርኩት እኔ ነኝ ወይስ አንተ? ሃሎዊን ይባላል። የዱባውን ውስጥ ትፍቃለህ፣ ዓይንና ጥርስ ታወጣለታለህ፣ ሻማ ታበራበታለህ።

ባዳቾ፦ ጣዖት እንዳይሆንብን።

ጦና፦ ጥርሱ የወለቀ ጣዖት የት አየህ?

ባዳቾ፦ የተፋቀውስ?

ጦና፦ ይጣላል።

ባዳቾ፦ ዱባ ይጣላል? ሚስቴ ቦሼ ይህን ብትሰማ እኔን ነው አውጥታ የምትጥለኝ!

ጦና፦ ፋቅ አልኩህ!

ባዳቾ፦ በምን? በመላጊያ ነው?

ጦና፦ በመላጊያ! ጉድ ፈላ። አምጣ ወዲህ፣ እይ!

(ጦና ከባዳቾ እጅ ማንኪያ ነጥቆ የተከመረውን ዱባ ሁሉ ፋቀ። ባዳቾ ግድግዳ ተደግፎ፣ «ይቺን አንዷን ብቻ ድገምልኝ» እያለ፣ የተፋቀውን ለቦሼ በእንሰት ቅጠል ይጠቀልላል።)

ባዳቾ፦ ሳፋውስ?

ጦና፦ ውሃ ይሞላና ብርቱካን ይንሳፈፍበታል። ልጁ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ በጥርሱ ያወጣል።

ባዳቾ፦ ምነው፣ እጁ ምን ሆነ?

ጦና፦ ምንም አልሆነም!

ባዳቾ፦ ታዲያ እጅ እያለው እንደ በሬ ምን ያጎነብሰዋል? ደግሞም አይቻልም፤ ብርቱካን ጥርስ ያንሸራትታል።

ጦና፦ አይቻልም? እይ!

(ጭንቅላቱን ነከረ። ተንቦጫረቀ፣ አቃሰተ፣ በመጨረሻ ብርቱካን ነክሶ ብቅ አለ።)

ባዳቾ፦ ይቅርታ፣ ውሃው ዓይኔ ገብቶ አላየሁም።

(ጦና እየተራገመ ደገመው።)

ጦና፦ (እያስነጠሰ) የቀረው ይህ ነው። ጆንያው ላይ በከሰል አህያ ስያለሁ። ይህ የቃጫ ጅራቷ፣ ጫፉ ላይ የሽቦ መንጠቆ አለው። ዓይኑ የታሰረ ልጅ ይሰካላታል።

ባዳቾ፦ ጅራቷን ስትስል ረሳኸው?

ጦና፦ ሆን ብዬ ነው!

ባዳቾ፦ ረስተኸው ነው። ግዴለም፣ ለማንም አልናገር።

ጦና፦ አልረሳሁም እኮ!

ባዳቾ፦ እሺ። ግን ዓይን ታስሮ ቦታው እንዴት ይገኛል?

ጦና፦ ጭንቅላት ያለው ሰው አይስትም። እሰረኝ!

(ባዳቾ ጥብቅ አድርጎ አሰረው፤ ሦስቴ አሽከረከረው። ያኔ በሩ ተከፈተ። አቶ ወልደመስቀል ገቡና ከፈረንጇ ጋር የተከተሏቸውን ልጆች «ቀስ በሉ» ለማለት ለጦና ጀርባቸውን ሰጥተው ቆሙ። ጦና እጁን ዘርግቶ ወደ እሳቸው ያመራል። የባዳቾ ልብ ራራ፤ ቁልፉን እየተመኘም ቢሆን ራራ።)

ባዳቾ፦ ጦና፣ አንድ ነገር ልንገርህ...

ጦና፦ እንዳትተነፍስ! አንተ እየመራኸኝ ብሰካ ምኑን ጨዋታ ሆነ?

ባዳቾ፦ ኧረ እኮ በሩ ላይ...

ጦና፦ ዝም! ቁልፉን ስይዝ መጀመሪያ የማስተምርህ ዝምታን ነው። (እየዳበሰ) ይኸው፣ ጨርቋን ነካሁ። ዳሌዋም ይኸው! አላልኩህም? (ሰካ።) ምን የመሰለች አህያ!

አቶ ወልደመስቀል፦ ጦና።

(ጦና ማሰሪያውን ዝቅ አደረገ። የቃጫው ጅራት ከዳይሬክተሩ ኮት ላይ ይወዛወዛል። ልጆቹ በሳቅ መሬት ላይ ተንከባለሉ። ፈረንጇ ጨዋታው መጀመሩ መስሏት አጨበጨበች።)

አቶ ወልደመስቀል፦ (ጅራታቸውን ለመያዝ እየተሽከረከሩ) ይህን ነገር የሚያስረዳ ሰው አለ?

ባዳቾ፦ አለ ጌታዬ። ልጆች፣ ጠጋ በሉ! ዱባው ይፋቃል፤ ብርቱካኑ በጥርስ ይወጣል፤ ጅራቱ ደግሞ ጆንያው ላይ ይሰካል። ዳይሬክተር ላይ አይሰካም።

(አቶ ወልደመስቀል ጥቂት አሰቡ። ቁልፉን ከኪሳቸው አውጥተው ለባዳቾ ሰጡት።)

ጦና፦ ጌታዬ! ይሄ ሰውዬ እኮ ጠዋት ሲመጣ ምንም አያውቅም ነበር!

ባዳቾ፦ እውነቱን ነው ጌታዬ፤ ምንም አላውቅም ነበር። እሱ ነው ከጠዋት ጀምሮ ቁጭ አድርጎ ያስተማረኝ።